ለዱሚትሩ ዕለት የተቆጠሩ ቀናት

ዜኖቪያ በቁጥር አትታማም። በቴዩሽ መንደር ወይን ከሚገርዙት አሥራ አንድ ሴቶች ፊት ፊት የምትሄደው እሷ ናት። የትኛው መስመር ላይ ስንት ግንድ እንዳለ፣ ስንቱን ውርጭ እንደመታው፣ ማን ስንት ገርዛ ስንት እንደቀራት ወረቀት ሳትይዝ ትናገራለች። ቁመቷ ረጅም ነው፣ አንገቷም እንደዚያው፤ ስትራመድ መንገዱን ራሷ ያሠራችው ትመስላለች። ባሏ ትሮፊም «የኔ ሚስት ቀና ብላ ስለምትሄድ ዝናብ ሲጥል መጀመሪያ የሚነካው እሷን ነው» እያለ ይቀልድባታል። ኩራቷን አብልጦ የሚወድላት ግን እሱው ነው።

ይህች ኩሩ ሴት በዕድሜዋ አንድ ጊዜ አንገቷን ደፍታ ሄዳለች። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ነው፤ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ሳለች። የታላቅ እህቷ ሴት ልጅ ኢሊንካ ክርስትና የምትነሳበት ቀን ነበር፤ ክርስትና የምታነሳት ደግሞ ዜኖቪያ። ሕፃኗ ከጥምቀቱ ውሃ ስትወጣ የምትጠቀለልበትን ነጭ ጨርቅ በገዛ እጇ ጠልፋ፣ ሻማውን በሪባን አስጊጣ፣ ሕፃኗን ታቅፋ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ደረሰች። እዚያው ደጁ ላይ የወር አበባዋ ስድስት ቀን ቀድሞ መጣ።

በሞልዶቫ መንደሮች የወር አበባዋ ላይ ያለች ሴት ቤተ መቅደስ አትገባም፣ ከጥምቀት ውሃም ሕፃን አትቀበልም። ዜኖቪያ ይህን ከእናቷ ጡት ጋር ጠብታዋለች። ማንም አላየባትም፣ ማንም አልጠየቃትም፤ እሷ ግን ለእህቷ በጆሮዋ ነገረቻት። ቄሱ ለብሰው ቆመዋል፣ ውሃው ሞቋል፣ እንግዳው ተሰብስቧል። እህቷ ግራ ቀኝ ስታይ ዓይኗ ጎረቤቷ አጋፊያ ላይ አረፈ። «እትዬ አጋፊያ፣ አንቺ ያዥልኝ» አለቻት። አጋፊያ ለአፍታ ፈዝዛ ቆመችና ሕፃኗንም ጨርቁንም ሻማውንም ተቀብላ ገባች። ዜኖቪያ ደጅ ካለው የዋልነት ዛፍ ሥር ቆማ የሕፃኗን ለቅሶ ከውስጥ ሰማች፤ ከዚያ ሰው ሳይወጣ ወደ ቤቷ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ የኢሊንካ የክርስትና እናት አጋፊያ ሆነች። በየግብዣው ከኢሊንካ በስተቀኝ ትቀመጣለች። ከዚያም አልፋ የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ጠባቂ ሆና አረፈችው፤ አንዲት ኮረዳ ሻማ ልታበራ ብቅ ስትል «ቀንሽ አይደለም አይደል?» ብላ ሳትጠይቅ አታሳልፍም። የኢሊንካ ክርስትና ቀን በየዓመቱ ሲመጣ ደግሞ እህል ሳትቀምስ ትውላለች። ዜኖቪያ ይህን «ለታይታ ነው» ትለዋለች። ያለችው ግን ለትሮፊም ብቻ ነው፤ ሰው ፊት ስለዚያ ቀን ተንፍሳ አታውቅም።

ኢሊንካ አድጋ አምና ከኮረብታው ማዶ ቫሌሳካ ለሚባል መንደር ልጅ ተዳረች፤ ዘንድሮ በሴፕቴምበር መጨረሻ ሴት ልጅ ወለደች። በወለደች በሳምንቱ ዜኖቪያ ዘንድ ደወለች።

«አክስቴ፣ የልጄን ክርስትና ማን እንደሚያነሳ ገምቺ።»

«እትዬ አጋፊያ ናታ፣ ማን ሊሆን?»

«አንቺ ነሽ። የኔን ልታነሺ ነበር አሉ፤ እማዬ ነግራኛለች። አሁን አታመልጪኝም።»

ዜኖቪያ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች። «መቼ ነው?»

«በዱሚትሩ ዕለት። የመንደራችን ንግሥ ስለሆነ ሰው ሁሉ ይገኛል።»

በዚያ አገር ክርስትና አንሺ የተባለ ሰው እምቢ አይልም፤ ኃጢአት ነው፣ ለሕፃኑም ክፉ ገድ ነው ይባላል። ዜኖቪያ «እሺ የኔ ልጅ» ብላ ስልኩን ዘጋችና ጣቷን ማጠፍ ጀመረች። የቅዱስ ዱሚትሩ በዓል ኦክቶበር ሃያ ስድስት ይውላል። የወር አበባዋ የሚመጣው ደግሞ ሃያ አምስት። ደግማ ቆጠረች፤ ያው ሃያ አምስት። የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ አለችና የዋልነቱ ዛፍ ፊቷ ድቅን አለባት።

በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ሄደች። ዶክተር ራይሳ አጭርና ደልደል ያለች፣ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ ሰክታ መነጽር የምትፈልግ ሴት ናት። ዜኖቪያ የወር አበባ የሚያዘገይ መድኃኒት ይኖር እንደሆነ ጠይቃት ሳትጨርስ ዶክተሯ በጥያቄ ወጠረቻት።

«ሲጋራ ታጨሻለሽ?»

«ባሌ ነው የሚያጨሰው።»

«የባልሽን አልጠየቅኩሽም። እግርሽ ውስጥ ወይ ሳንባሽ ውስጥ ደም ረግቶብሽ ያውቃል? እናትሽንስ፣ እህትሽንስ?»

«ኧረ የለም።»

«ልብ፣ ጉበት፣ ጡትሽ ላይ እብጠት? ያለ ቀኑ የሚመጣ ደም?»

«ደኅና ነኝ ዶክተር። ወይን ገራዥ ነኝ እኮ።»

«ወይን ገራዥም ይታመማል። እርጉዝስ ብትሆኚ?»

ዜኖቪያ ሳቀች። «በአርባ ዓመቴ?»

«አምና አንዲት የአርባ አራት ዓመት ሴት እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣ እንዳንቺው ስትስቅ ነበር። አሁን ዳይፐር ትቀይራለች። ሽንት ስጪና እንይ።»

ሽንቷም ታየ፣ ደም ግፊቷም ተለካ፤ ሁሉም ደኅና ሆነ። ዶክተር ራይሳ መነጽሯን አገኘችና ጻፈች።

«አሁን በደንብ ስሚኝ። ይመጣል ከምትይው ቀን ሦስት ቀን ቀድመሽ ትጀምሪያለሽ። ከዘገየሽ አይሠራልሽም። አንድ አንድ ፍሬ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ሰዓቱን ሳታዛንፊ። ሠላሳ ፍሬ ነው፤ የአሥር ቀን። ከዚያ አታልፊም። በዓሉ ሲያልቅ ታቆሚያለሽ፣ ባቆምሽ በሁለት በሦስት ቀን ይመጣል። እግርሽ ቢያብጥ፣ ደረትሽን ቢወጋሽ፣ ትንፋሽ ቢያጥርሽ፣ ዓይንሽ ቢደበዝዝ ወይ የማታውቂው ራስ ምታት ቢይዝሽ ያኔውኑ ተይውና ሩጪ። ደግሞ እርግዝና አይከላከልም፤ ለባልሽ ንገሪው።»

«ኃጢአት ይሆን እንዴ ዶክተር?»

«ለኃጢአቱ ቄሱን ጠይቂ። እኔ የምጨነቀው ስለ እግርሽ ነው።»

ዜኖቪያ ኦክቶበር ሃያ ሁለት ማለዳ የመጀመሪያዋን ክኒን ዋጠች። ትሮፊም ስልኩን በቀን ሦስት ጊዜ እንዲጮህ አደረገው፤ የሰርግ ዘፈን ነበር የጫነበት። ወይን ማሳው መሃል ዘፈኑ ባስተጋባ ቁጥር ትሮፊም ከወዲያኛው መስመር «ሙሽሪት! ሰዓትሽ ደረሰ!» እያለ ይጣራል፤ ሴቶቹ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ይስቃሉ። ሃያ አምስተኛው ቀን ምንም ሳይታይ አለፈ። ዜኖቪያ ጡቷ ትንሽ ከመክበዱ በስተቀር ምንም አልተሰማትም። ከዚህ በላይ ደስ ያላት ቀን በዚያ ዓመት አልነበረም።

ቅዳሜ ሃያ ስድስት ጠዋት ተነሱ። ዜኖቪያ ጥቁር ቬልቬት ቀሚሷን ለብሳለች፣ ፀጉሯን ከተማ ወርዳ ተሠርታለች። ጭኗ ላይ የሕፃን ቁመት የሚያህል ባለሪባን ሻማ ይዛለች፤ ከሥሩ ሳጥን ውስጥ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት የጠለፈችውን የመሰለ አዲስ ነጭ ጨርቅ አለ። ትሮፊም በሰርጉ ጊዜ የለበሰውን ሱፍ ሆዱ ላይ እንደምንም ቆልፎ ይነዳል። ከኋላ አጋፊያ በሐር ሻርፕ ተጠቅልላ ተቀምጣለች፤ የኢሊንካ የክርስትና እናት ናትና መጠራቷ አይቀርም፣ የመጣችው ደግሞ በነሱ መኪና ነው።

ቫሌሳካ ደርሰው የኢሊንካ አማት ኔኒላ በር ላይ ሲወርዱ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ግቢው መሃል ጥቅል ጎመን እንደ ኮረብታ ተቆልሏል። ሁለት በርሜል ቆሟል። ኔኒላ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ፣ የጎማ ቦቲ ተጫምታ፣ በትልቅ ቢላዋ ጎመን ትቀረድዳለች። ቀና ስትል ሦስቱን አየች፤ ቬልቬቱን፣ ሱፉን፣ ሐሩን፣ ሻማውን።

«እንኳን ደኅና መጣችሁ» አለች። «ማን ሞቶ ነው?»

ኢሊንካ ሕፃኗን ታቅፋ ከቤት ወጣችና አፏን በእጇ ያዘች።

«አክስቴ… ዛሬ ምንድን ነው?»

«ዱሚትሩ ነዋ!» አለች ዜኖቪያ።

«የናንተ ዱሚትሩ!» አለች ኔኒላ፤ ቢላዋዋን አስቀምጣ ሳቋን ለቀቀችው። «የኛ እኮ ኖቬምበር ስምንት ነው። እኛ በአሮጌው ቀን ነው የምንሄድ፣ እናንተ ናችሁ ከአዲሱ ጋር የነጎዳችሁ። ደግሞስ ልጅቷ ገና ሠላሳ ቀኗ፤ እናቷ አርባ ሳይሞላት ቤተ ክርስቲያን ልትገባ ነው? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ!»

የቴዩሽ ቤተ ክርስቲያን ወደ አዲሱ አቆጣጠር ከዞረ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ከኮረብታው ማዶ ግን ሁሉም በዓል አሥራ ሦስት ቀን ዘግይቶ ይውላል። ይህን የማያውቅ ሰው በአካባቢው የለም፤ ገናን ሁለት ጊዜ ለመብላት ሲሉ ኮረብታውን የሚሻገሩም ሞልተዋል። ዜኖቪያም ታውቃለች። ኢሊንካ በአንድ ዓመት ውስጥ የቫሌሳካ ሰው ሆና «ዱሚትሩ» ስትላት፣ ዜኖቪያ የሰማችው የራሷን ዱሚትሩ ነው። የራሷን ቀን ደጋግማ ስትቆጥር በዚያ አገር ለወንድም ለሴትም አንድ የሆነውን የሕፃኗን አርባ ቀን መቁጠር ረሳች። ግንድ ሲቆጠር አንድ ያልሳተች ሴት አሥራ ሦስት ቀን ሳተች።

ደም ፊቷ ላይ ወጣ። ከኋላዋ አጋፊያ ጉሮሮዋን ስትጠርግ ሰማች። ያኔ ዜኖቪያ ሻማውን ለትሮፊም አስያዘችና አንገቷን አቀናች።

«ቀኑንማ መቼ አጣሁት» አለች። «ለጎመኑ ነው የመጣነው። አርባ ያልሞላት አራስ ይዘሽ ይህን ሁሉ ብቻሽን ልትቀረድጂ ኖሯል ኔኒላ? ሽርጥ ስጪኝ።»

ኔኒላ ቬልቬቱን ከላይ እስከ ታች አየችው። «ለጎመን እንዲህ የለበሰ ሰው አይቼ አላውቅም።»

«እኔ ለጎመንም እለብሳለሁ።»

ቀሚሷን በኔኒላ የቤት ልብስ ቀየረች፣ ሽርጥ ታጠቀች፣ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ቀረደደች። ትሮፊም በሱፍ ሱሪው በርሜሉን እያንከባለለ ጨው ነሰነሰ። አጋፊያም እየተነጫነጨች ሐሯን አውልቃ ተቀመጠች። ማታ ሲሄዱ ኔኒላ ዜኖቪያን ጉንጭ ከጉንጭ ሳመቻትና «እንዲህ ያለች አበልጅ ከየት አግኝቼ ነው!» አለች። ስለ ስሕተቱ በዚያ ቤት ከዚያ በኋላ አልተነሳም።

መኪናው ውስጥ ግን ተነሳ።

«ያኔ ገላሽ፣ አሁን ደግሞ ካላንደሩ» አለች አጋፊያ ከኋላ። «ዜኖቪያ፣ ምናልባት ዕጣሽ አይደለም እኮ።»

«አንቺም እኮ ሐር ለብሰሽ ነው የመጣሽው እትዬ አጋፊያ።»

«እኔማ ተከትዬ ነው የመጣሁት። ለማንኛውም በሚቀጥለው ንጹሕ ካልሆንሽ እኔ አለሁ፤ የለመደ እጅ ነው።»

የትሮፊም ስልክ በሰርጉ ዘፈን ጮኸ። ዜኖቪያ ከቦርሳዋ ክኒን አውጥታ ያለ ውሃ ዋጠች።

ሰኞ ማለዳ ጤና ጣቢያው ሳይከፈት በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ሁለተኛ ፓኬት ይጻፉልኝ» አለች። «እስከ ኖቬምበር ስምንት ልያዘው።»

ዶክተር ራይሳ ታሪኩን ሰምታ ዓይኗ እንባ እስኪያወጣ ሳቀች፤ ከዚያ እንባዋን ጠርጋ «አልጽፍም» አለች።

«ደኅና ነኝ እኮ! ምንም አልሆንኩም።»

«ደኅና መሆንሽንማ አያለሁ። ከሃያ ሁለት እስከ ስምንት አሥራ ስምንት ቀን ነው። እኔ አሥር አልኩሽ። ለማያስፈልግ ነገር መድኃኒት አልሰጥም።»

«እንዴት አያስፈልግም? ከአጠገቤ ሆና እንድሰናከል የምትጠብቅ ሴት አለች። ቀኑ ሲደርስ እንደገና ብሆንስ?»

«አንቺ አሥራ አንድ ሴት የምትመሪ ቆጣሪ አይደለሽም? በይ ከኔ ጋር ቁጠሪ። ዛሬ ስንት ነው?»

«ሃያ ስምንት።»

«ዛሬ አቆምሽ። መቼ ይመጣል?»

ዜኖቪያ ሳትወድ ጣቷን አጠፈች። «በሁለት በሦስት ቀን። ሠላሳ ወይ ሠላሳ አንድ።»

«ስንት ቀን ይቆይብሻል?»

«አምስት። አንዳንዴ ስድስት።»

«እሺ ክፉውን እንያዝ። ከሠላሳ አንድ ስድስት ቀን?»

«ኖቬምበር አምስት ያበቃል።» ዜኖቪያ ጣቷን አየች። «ስድስት፣ ሰባት… ስምንት።»

«ሁለት ቀን ተረፈሽ። ያለ ክኒን፣ በገዛ ገላሽ። በክኒን ይዘሽ ብታቆይው ግን ሾልኮ ሊመጣብሽ የሚችለው ልክ በዚያው በዱሚትሩ ሰሞን ነው። ለቀቅ አድርጊው፤ ሄዶ ይመለስ።»

ዜኖቪያ አሥራ ሁለት የተረፉ ክኒኖቿን ይዛ ተመለሰች። መልሰው ይውሰዷቸው ማለቱ ትዝ ያላት ቤት ከደረሰች በኋላ ነበር። ከጨው ዕቃው አጠገብ አስቀመጠቻቸው፤ ያ ሳምንት በሕይወቷ ካሳለፈቻቸው ሳምንታት ሁሉ ረጅሙ ሆነ። ማክሰኞ ምንም የለም። ረቡዕ ምንም የለም። ሐሙስ ጠዋት ወጥ ልትሠራ ጨው ስታነሳ ክኒኖቹን አየቻቸው። ባይመጣስ? ዘግይቶ ልክ በስምንት ቢመጣስ? አንዷን ከማሸጊያዋ አውጥታ መዳፏ ላይ አደረገቻት። ትሮፊም በር ላይ ቆሞ ያያት ነበር።

«ስልኬ አልጮኸም» አላት።

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ሰዓትሽ አይደለም ማለት ነው።»

ክኒኗን መልሳ አስቀመጠቻት። ከሰዓት በኋላ ወይን ማሳ ውስጥ እያለች ወገቧን ያዛት፤ የወር አበባዋ መጣ። ሴት ልጅ የወር አበባዬ መጣልኝ ብላ መስመር መሃል ስትዘል ያዩ አሥራ አንዱ ሴቶች «ምን ነካሽ?» አሏት። ነገረቻቸው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ነገሩን በሰው ፊት ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር፤ ከተናገረች በኋላ ያን ያህል ከባድ አልሆነባትም። አንዷ የልጇ ሰርግ በየትኛው ሳምንት እንደሚውል እያሰላች «ያቺ ዶክተር ስንት ሰዓት ነው የምትገባ?» ብላ ጠየቀች። ዜኖቪያ «መጀመሪያ ስለ እግርሽ ትጠይቅሻለች» አለቻት።

ደሙ ከወትሮው ትንሽ በረታ፣ ማክሰኞ ቀነሰ፣ ረቡዕ ጠዋት ጠራ። የተረፉትን ክኒኖች ለመድኃኒት ቤቱ መለሰች። ሐሙስ ገላዋን ታጠበች። ዓርብ፣ ኖቬምበር ስምንት፣ ያንኑ ቬልቬት ለብሳ ያንኑ ሻማ ይዛ ኮረብታውን ተሻገረች።

የቫሌሳካ ቤተ ክርስቲያን ደጁ ላይ የዋልነት ዛፍ የለውም። ዜኖቪያ ሕፃኗን ታቅፋ ደጁ ላይ ስትደርስ ግን እግሯ ቆመ። አጋፊያ ከጎኗ ነበረች። የምትለውን እየጠበቀች ዞር ብላ አየቻት፤ አጋፊያ ግን አንዳች አላለችም፣ ፊቷም ልክ አልነበረም። ዜኖቪያ ደፉን ተሻገረች።

ቄሱ ሕፃኗን ሦስት ጊዜ ከውሃው ነከሯት። ሕፃኗ እንደ እናቷ ጮኸች። ዜኖቪያ ነጩን ጨርቅ በሁለት ክንዷ ዘርግታ ቆማ፣ ከራሷ ላይ ውሃ እየተንጠባጠበ የምትንቀጠቀጠውን ሞቃት ሥጋ ተቀበለች። ቄሱ ስሟን ሲጠይቁ ድምፅዋ ቤተ ክርስቲያኑን ሞላው። «ዛምፊራ!» አለች። ኢሊንካ አልቅሳ ሳቀች። ዜኖቪያ አላለቀሰችም፤ በጣም ኮርታ ነበር፣ አልቅሳ ማባከን አልፈለገችም።

ከምሳ በኋላ ግቢው በሙዚቃ ተናጋ። ጎመኑ፣ ያው እሷ የቀረደደችው፣ ገና ለመብል ባይደርስም ኔኒላ ቀምሳ አሞግሳው «የአበልጄ እጅ» ብላለች። ዜኖቪያ ሕፃኗን ልትቀይርላት ወደ ጓዳ ገባች። ትንሽ ቆይቶ አጋፊያ ገብታ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።

«እንኳን ደስ አለሽ» አለች። «ቀን ሰጠሽ።»

«ቀን አልሰጠኝም እትዬ አጋፊያ፤ ቆጥሬ ነው ያገኘሁት።» ዜኖቪያ እንዲህ ካለች በኋላ ማቆም አልቻለችም። ክኒኑን፣ የዶክተሯን ጥያቄ፣ የሰርጉን ዘፈን፣ ያቆመችበትን ቀን፣ የመጣበትንና የሄደበትን ቀን ሁሉ አንገቷን አቅንታ አንድ በአንድ ነገረቻት። ማቋረጥ ልማዷ የሆነው አጋፊያ አንዴም አላቋረጠቻትም።

«እንዲህ ያለ መድኃኒት ያኔም ነበር?» አለች በመጨረሻ።

«ነበር አለችኝ ዶክተር ራይሳ፤ ከኛ በፊትም ነበር። እኔ አላውቅማ። ማን ይነግረኛል?»

«እኔም አላውቅም ነበር።»

«አንቺን ደግሞ ምን አገባሽ?»

አጋፊያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ያን ቀን ሁለተኛ ቀኔ ነበር» አለች።

ዜኖቪያ ያልሰማች መስላ ዳይፐሩን ለጠፈች። ከዚያ እጇ ቆመ።

«ደጅ ሆኜ ላስቀድስ ነበር የመጣሁት። እህትሽ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ያዥልኝ ስትለኝ… አንቺ አንዴ ተመልሰሻል፤ እኔም ብመለስ ምን ይሉናል አልኩ። ደግሞ ክርስትና አንሺ ተብሎ እምቢ ማለትስ ኃጢአት አይደል? በየትኛው ኃጢአት እንደምገባ ሳላውቅ ገባሁ። ከዚያ ኢሊንካ ባስነጠሰች ቁጥር በኔ ነው እያልኩ ኖርኩ። ስትዳር ፈራሁ፣ ስታረግዝ ፈራሁ። በየዓመቱ እጾማለሁ። ላንቺ ልናገር አስቤ ደጅሽ ድረስ መጥቼ አውቃለሁ፤ ከዚያ ስታይኝ ምላሴ ሌላ ነገር ይናገራል።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ዜኖቪያ «ለታይታ ነው» ያለችውን ጾም አሰበች፣ ደጁ ላይ ያሉትን ኮረዶች አሰበች። መጀመሪያ የተሰማት ንዴት ነው፤ ጆሮዋ እስኪሞቅ ተናደደች። ከዋልነቱ ሥር የቆመችው ልጅ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እዚያው ቆማላታለች፣ ይህቺ ሴትዮ ደግሞ ከኢሊንካ በስተቀኝ ተቀምጣ ስትበላ ነበር። ወጥታ ለእንግዳው ሁሉ ልትናገር አሰኛት።

ከግቢው የኢሊንካ ሳቅ መጣ። ኢሊንካ በባለተረከዝ ጫማ እየጨፈረች ነበር፤ በአርባ ሦስት ቀኗ። በአምስት መንደር ውስጥ እንደሷ ጤነኛ ልጅ አላደገም። ያኔ ዜኖቪያ አንድ ነገር ታያት፤ እንዴት ይህን ያህል ዘመን እንዳልታያት ገረማት። ያን ቀን ማንም አላየባትም ነበር። ማንም አልጠየቃትም። ዝም ብትል ትገባ ነበር። የሃያ አንድ ዓመት ልጅ፣ የጠለፈችውን ጨርቅ በክንዷ ይዛ፣ የምትሳሳላትን ሕፃን ታቅፋ፣ እውነቱን ተናግራ ተመለሰች። ውርደቴ የምትለው ቀን ከዕድሜዋ ሁሉ የምትኮራበት ቀን ኖሯል። ቬልቬቱ ውስጥ ያለው ደረቷ ሰፋ።

«ለኢሊንካ ትነግሪያታለሽ?» አለች አጋፊያ በትንሽ ድምፅ።

«የኔ ወሬ አይደለም። አንቺ ንገሪያት፤ እንደማውቃት ትስቅብሻለች።»

«አንቺስ?»

ዜኖቪያ ሕፃኗን በነጩ ጨርቅ ጠቅልላ አነሳቻት፤ አጋፊያን አተኩራ አየቻት።

«ዛሬስ ቀንሽ ነው?»

«ኧረ እኔ! ከቆመ ሁለት ዓመቴ!»

«እንግዲያው ያዣት» አለች ዜኖቪያ፤ ዛምፊራን ክንዷ ላይ አስቀመጠችላት። «ደግሞ በደንብ ያዥ። እኔ ልጨፍር ነው።»